የብሳናው የእሳት እራት

አጎቴ ያማረ ነገር ብቻቸውን ማየት አይሆንላቸውም ነበር። መርሳ ካለው የብርቱካን ማሳቸው ዳር የቆመውን ብሳና አንድ ክረምት ጥቁር አባጨጓሬ ወረረው። ጎረቤታችን "ጋሼ፣ ወደ ብርቱካንዎ ሳይሻገር መድኃኒት ይርጩበት" አላቸው።

"ተው ልጄ፣ ብሳናውን በልቶ ይሄዳል፤ እንግዳ ከማዕድ አይነሳም" አሉት።

አባጨጓሬው ጠግቦ ሊለወጥ አፈር ውስጥ ገባ፤ ብሳናውም መልሶ ለመለመ። በበልጉ ዝናብ መዳፍ የሚያህል ቡናማ የእሳት እራት ከቤታቸው ግድግዳ ላይ አረፈ፤ ክንፉ ላይ ብርቱካንማ ዓይን የመሰለ ክብ ነበረው። ጎረቤታችንን ሳይቀር ሁላችንንም ጠሩን፤ "ኑ፣ እንግዳችን ለብሶ መጣ!"

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ትናንት እዚያው ግድግዳ ላይ ሌላ አየሁ። ሳላስበው "ጋሼ፣ ይምጡ!" ብዬ ተጣራሁ።  ልጄ "ምንድን ነው አባዬ?" እያለች ሮጣ መጣች። አቀፍኳትና አብረን አየነው።