የጨው ማሰሮዋ

አንቺ ጎረቤቴ፣ እስቲ ጣቴን አሽትችው! የከተማችን የሀደራ ገበያ ሳሙና ሁሉ አልረታው አለ። ተልባ ዘይትና ነጭ ጋዝ ይሸታል።

የልጅ ልጄ ናት ያቆሸሸችኝ። ትናንት ሚርፔሴቱ፣ ሰገነቱ ላይ ማተሚያዋን ዘርግታ ኮከብ ስታትም ዋለች። እውነቴን ነው! የሩቅ ኮከብ ብርሃን የተለካበትን መስመር ከዩኒቨርሲታ ታመጣና፣ ቆርቆሮ ላይ በመርፌ ትጭረዋለች። ቀለም ቀብታ ወረቀት ላይ ታትመዋለች።

«ይሄን ዶሮ ናት የጫረችው?» አልኳት።

«ራዓሽ ነው እማማ፣ ሁከት። መሐሉ ላይ ግን አንዲት ምድር ተደብቃለች። እሷ አትታይም፤ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑን ትንሽ ታደክመዋለች። ባንዴ አትለይም። አንዱን በአንዱ ላይ ደጋግሜ ሳትመው ሁከቱ ተደባልቆ ይጠፋል፤ እሷ ሁሌም እዚያው ናት። አውራ ጣትዎን ይስጡኝ፣ ላሳይዎት።»

ጣቴን ስትቀባው ያቺ ማሰሮ መጣችብኝ።

እናቴ ጎንደር ሸክላ ትሠራ ነበር። ጭቃው ሳይደርቅ ከየዕቃው ቂጥ ላይ አውራ ጣቷን ጫን ታደርጋለች፤ የእሷ መሆኑ በዚያ ይታወቃል። ልጅ ሳለሁ፣ በክረምት ሞተችብኝ። ፋሲካ ሲደርስ፣ እንደ እኛ እንደ አይሁዶች ወግ፣ እርሾ የነካው ሸክላ ሁሉ ሊሰበር ወጣ። እኔ ደግሞ መስበር ስወድ! ከአጎቴ ልጅ ጋር ማን ይበልጥ ብለን ገባንበት። ጧ! ጧ! ቀዩ አቧራ በጠዋት ፀሐይ ይጨሳል።

አክስቴ ከጓሮ ጮኸች። «የጨው ማሰሮዋን ተያት! እርሾ አልነካትም! የእናትሽ ጣት ያለባት እሷ ብቻ ቀርታለች!»

ሰምቻለሁ። ስንት ዓመት አልሰማሁም ስል ኖሬ፣ ሰምቻለሁ። የአጎቴ ልጅ ባንድ በልጦኝ ነበር፤ ወረወርኳት። እየሳቅኩ ስባሪውን ሳነሳ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ።

አክስቴ አልመታችኝም። ተንበርክካ ጨውን ከአፈር ለቀመች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አዲሱን ዕቃ ሌላ ሴት ሠራችልን፤ አንዱን ገልብጬ ቂጡን ባየው ልሙጥ ነው።

እዚህ አገር ሳህን ሲሰበር «ማዛል ቶቭ!»፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ብለው ያጨበጭባሉ። ያን ጊዜ እኔ ቀልደኛዋ መጥረጊያ ፍለጋ እወጣለሁ።

የልጅ ልጄ ጣቴን አንዲት ቦታ ላይ ትጫናለች፣ ታነሳለች፣ ትጫናለች። «ሬጋ፣ አንዴ ይቆዩ እማማ፣ አይነቃነቁ!»

«የአሮጊት እጅ ራሱ ራዓሽ አይደል?»

የጣቴ መስመር ሁሉ ተደራርቦ ጠቆረ፣ ምኑም አይለይ። መሐሉ ላይ ግን አንዲት ቀጭን ነጭ ጭረት ቀረች።

«አዩዋት! ምንድን ናት ይቺ?»

«ስታም፣ እንዲያው ሸክላ ቆርጦኝ ነው» አልኳት።

ወረቀቱን ግን ለምኜ ወሰድኩባት። ግቢና እዪው፣ ከጨው ዕቃዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።