የተሟሸችው ጀልባ

የጎመን ዘር ሽታ ባፍንጫዬ በመጣ ቁጥር እጄ የአሴቶን ጨርቅ ይፈልጋል። ልጆቼ ይስቁብኛል። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ አዲስ የሸክላ ድስት ልታሟሽ ጎመን ዘር ስትወቅጥ ሽታው መጣብኝና ተነሥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ሆንክ ብትለኝ ራሴን አመመኝ አልኳት። ላንተ ግን ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው። ጣና ዳር ጀልባ ስጠግን ያደግኩ ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ቀን መካነ ሰላም ሄደህ ጀልባ ጠግን ተባልኩ። ለደጋ አገር ጀልባ ምን ያደርግለታል? ግራ እንደገባኝ በእህል መኪና ተጭኜ ሄድኩ። ስደርስ እውነትም አለች፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ግንድ ላይ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተገልብጣለች። ያገለገለች የፋይበር ግላስ ጀልባ ናት። ቁልቁል ዓባይ በረሃ ወርዳ ሰውና እህል ልታሻግር ታስባ ኖሮ፣ መንገዱ እያንገጫገጨ ፈጅቷታል። ጄልኮት የምንለው አንጸባራቂ የላይ ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ፣ አንዳንድ ቦታ ተልጦ፣ የውስጧ የመስታወት ክር ይታይ ነበር። በዚያ ውሃ ከገባ ቀስ እያለ ይጨርሳታል።

የግቢው ኃላፊ ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣ ካኪ ለባሽ ነበር። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ "እስክትጨርስ የኔ ነህ። ስትጨርስ ከምልምሎቹ ጋር ትዘምታለህ፤ መኪናው ከጥምቀት በኋላ ይነሣል" አለኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደማለት አድርጎ ነው የተናገረው።

እንግዲህ አስበው። ጀልባዋን በሞረድኩ ቁጥር ወደ ጦር ግንባር እየቀረብኩ ነው። ላዝግም ብል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ፤ የተበላሸ ሥራ መሥራት አልችልበትም። ስንጥቁን በሞረድ እከፍታለሁ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ አቧራው ቅንድቤ ላይ ይነጣል። ማታ ፈርቼ እተኛለሁ፣ ጧት ተነሥቼ እንደገና እፈትጋለሁ። ራሴን አላውቀውም ነበር።

ምሳ የምታመጣልኝ ያረፍኩበት ቤት ልጅ ነበረች። ግንዱ ላይ ቁጭ ብላ ስሠራ ታየኛለች፤ ሁሉንም ትጠይቃለች። አንድ ቀን እጇን ወደ ጀልባዋ ስትሰድ፣ "ቅባት ጠላቱ ነው። ቅባት ከነካው ጄልኮቱ አይይዝም" አልኳት። ሁለት እጇን አንሥታ፣ "ወላሂ አልነካም" ብላ ሳቀች። በዚያው ስለ ምልምሎቹ መኪና ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ፤ ሳህኑን ሰብስባ ሄደች።

ጄልኮቱን ልቀባ በቀጠርኩበት ጧት ጉም ነበር። የጀልባዋ ሆድ ያብረቀርቃል። ጤዛ መሰለኝ። በዋዜማው ቅባት በሚያጠፋው አሴቶን ጠርጌያት ስለነበር በደረቅ ጨርቅ አበስ አድርጌ፣ ያለችኝን ጄልኮት በሙሉ ከማጠንከሪያው ጋር በጥብጬ ቀባሁ፤ አየር እንዳያገኘው ፕላስቲክ አለበስኩት። በማግስቱ ፕላስቲኩን ሳነሣ ጄልኮቱም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ አብሮ ተነሣ። ከሥሩ የጎመን ዘር ሽታ መጣ። ይህ ከየት መጣ? ጎንበስ ብዬ ደጋግሜ አሸተትኩ።

ኃላፊው መጣ፣ አየ፣ "አሻጥር ነው" አለ። ያን ጊዜ በዚህች ቃል ሰው ይጠፋ ነበር። ልጅቷ ምሳዬን ይዛ ገባችና ሳህኑን መሬት አስቀመጠች።

"እኔ ነኝ፣ ጓድ። እንደ ሸክላ መስሎኝ፣ ሳትሟሽ ውሃ ብትገባ ትሰነጠቃለች ብዬ አዝኜላት ነው።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጥበቃው ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። ኃላፊው ላለመሳቅ ታገለና አቃተው፤ "ይችን ልጅ መሠረተ ትምህርት አስገቡልኝ" ብሎ ሄደ። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች።

እኔ ግን ተናደድኩ። ተከትያት ወጥቼ፣ "ነግሬሽ አልነበር?" አልኳት። ፊቷን ሳታዞር "ረሳሁት" አለች። ከዚያ ወዲህ አኮረፍኳት።

ሌላ ጄልኮት ደሴ ጠፍቶ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የምልምሎቹ መኪና ተነሣ። የጥበቃው ልጅ በዚያ መኪና ሄደ፤ አልተመለሰም። እኔ ጀልባዋን ስጨርስ ኃላፊው ተዛውሮ ነበርና ስለኔ የሚጠይቅ አልተገኘም።

የምመለስ ዕለት የልጅቷ እናት "አብሽር ልጄ፣ አላህ በሰላም ያግባህ" እያሉ ዳቦ ቋጠሩልኝ። ልጅቷ ከዳቦው ሥር አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ ከተተች። "ሌላ ጀልባ ሲሰጡህ ትፈልገዋለህ" አለችኝ። ፊቴን አዙሬ ተሳፈርኩ። መኪና ላይ ስፈታው እፍኝ ጎመን ዘር ነው። የምታሾፍብኝ መሰለኝ፤ ለምን እንደሆነ ባይገባኝም አልጣልኩትም፤ ከሞረዶቼ ጋር ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት።

በዓመቱ ባሕር ዳር ሌላ ጀልባ ሰጡኝ። ሌላ ካኪ ለባሽ፣ "ስትጨርስ ትዘምታለህ" አለኝ። ሞረድ ላወጣ ሳጥኔን ስከፍት ቋጠሮዋ እጄ ላይ መጣች። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ አልረሳችም ነበር። ቀስ ብዬ ፈታኋት፤ ወቀጥኩት፤ ጀልባዋንም አሟሸኋት።

ልጅቷን ዳግመኛ አላየኋትም። ወደ አጅባር ተዳረች ሲሉ ሰምቻለሁ። ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም። ከአፌ የሰማችው የመጨረሻ ቃል "ነግሬሽ አልነበር?" የሚለው ነው።