ሁለት ኪስ ቆሎ

ጋሽ ቀጀላ ከጎሮ ገርጂ ድረስ በእግራቸው እየመጡ ስፖርት ያስተምሩን ነበር። ገርጂ ያኔ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የጤፍ ማሳ ነው። ጎሮ ጭራሽ ገጠር ነበር፤ እሳቸውም እዚያው በአባታቸው ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ብርቄ በወሊድ ከሞተች ወዲህ ሌላ አላገቡም። ጠዋት ጠዋት ጭቃ የያዘ ሸራ ጫማቸውን ትምህርት ቤቱ ቧንቧ ሥር ሲያጥቡ እናያቸዋለን። ለሰላምታችን እጃቸውን ከማንሳት በቀር ብዙ አይናገሩም።

በ1978 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተማሪዎች ክብደት ተሞልቶ ይላክ የሚል ቅጽ መጣ። ትምህርት ቤቱ ሚዛን አልነበረውም። ጋሽ ቀጀላ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ የእህል ሚዛን ተውሰው፣ በጋሪ አስጭነው ሜዳው መሃል አስቀመጡት። ስማችን ሲጠራ እንደ ጆንያ እየወጣን ቆምንበት። አብዛኞቻችን ሠላሳ ኪሎ እንኳ አንሞላም። ሉሊት ስትወጣ አንድ የሚዛን ድንጋይ ጨመሩ፤ ደግሞ ሌላ ጨመሩ። ከዚያ መዝጋቢው እንዲሰማ የሌሎቻችንን እንደጠሩት ሁሉ ጮክ ብለው፣ “ሃምሳ!” አሉ።

“ግማሽ ኩንታል!” አልኩ እኔ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ።

ሉሊት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ ሻምበል ሽፈራው ሰሜን ግንባር ስለነበሩ፣ የጦር ሠራዊት መኪና ነበር ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመልሳት። ቀድሞም “ከበርቴ” እንላት ነበር፤ በየግድግዳው የሚሳለው ከበርቴ ሁልጊዜ ቦርጫም ነበርና። ከሚዛኑ ማግስት ጀምሮ ግን ጭራሽ ቀረች።

በሳምንቱ ጋሽ ቀጀላ ከክፍል አስጠሩኝ።

“የጮህሽው አንቺ ነሽ። ቁጥሩን የጠራሁት እኔ ነኝ። ሁለታችንም እንሄዳለን።”

የነሉሊት ቤት እሳቸው ከጎሮ ሲመጡ የሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ ተቀመጡ እንኳ ሳይሉን ጀመሩ።

“ልጄን በእህል ሚዛን! ጤፍ ናት?”

“አጥፍቻለሁ፣ እመቤቴ።”

“አባቷ ሲሄድ ‘ልጄን አደራ’ ብሎኛል። መጥቶ ከስታ ቢያገኛት ምን እለዋለሁ? አገር በረሀብ በሚያልቅበት ዘመን ደግሞ ልጅሽ ወፈረች ትሉኛላችሁ!”

ጋሽ ቀጀላ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩ።

“አደራዎን ጠብቀዋል። ምግብ ይከልክሏት ልል አልመጣሁም። ግን በሩጫ ሰዓት ሽንት ቤት ትደበቃለች፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። አባቷ ሲመጡ ሮጣ ብትቀበላቸው አይሻልም?”

ወይዘሮ ዘርፌ ወንበር ሳቡልን። ሉሊት ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለች።

“ጠዋት በበራችሁ አልፋለሁ፤” አሏት ጋሽ ቀጀላ። “መኪናው ይቅርና አብረን እንሂድ።”

“ሚዛን ላይ አታወጡኝም?”

“ሁለተኛ ሚዛን አልነካም።”

“ከደከመኝስ?”

“እኔም ይደክመኛል። እንቀመጣለን።”

እኔ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኋት።

“አንቺ ስንት ኪሎ ነሽ?” አለችኝ።

“ሃያ ስድስት።”

“ሩብ ኩንታል ከነጆንያው!”

ጋሽ ቀጀላ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ እሳቸውና ሉሊት በእግር መሄድ ጀመሩ። እሷ ወደኋላ ስትቀር “ኮቱ!” ይሏታል፤ ነይ ማለታቸው ነው። ፍጠኚ ግን አይሏትም። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ጊዜ ይቀመጡ ነበር። ድልድዩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ቆሎ ያወጣሉ፤ የግራ ኪሳቸው የራሳቸው፣ የቀኙ የሷ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ማርማላታ የተቀባ አራት ዳቦ እንዳለ እያወቁ ስለሱ አንድም ቀን አላነሱም። ኅዳር ላይ ሉሊት ራሷ እናቷን “አንድ ይበቃኛል” አለቻቸው።

ጥር ላይ ቀሚሷ ሲሰፋት ወይዘሮ ዘርፌ ደነገጡ፤ ልጄን ምን ነካብኝ ብለው ጸበል ወሰዷት። የጸበሉን ዳገት ሉሊት ቀድማ ወጥታ፣ “እማዬ፣ በርቺ እንጂ!” እያለች ከላይ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ክሳት አላነሱም።

ግንቦት ላይ ሻምበል ሽፈራው ለአንድ ሳምንት መጡ። ቤቴ በዚያው መንገድ ስለነበር ያኔ እኔም አብሬያቸው እሄድ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሉሊት ቦርሳዋን ለጋሽ ቀጀላ ወርውራ ከድልድዩ ጀምሮ ሳታቆም ሮጠች። ጋሽ ቀጀላ አባትና ልጅ ሲተቃቀፉ ከሩቅ ሲያዩ ቆዩ፤ በኋላ ቦርሳውን ለኔ ሰጥተው በማሳው ዳር ወደ ጎሮ ቀጠሉ።

በአዲሱ ዓመት ሉሊትና እኔ ደወል ሳይደወል መረብ ኳስ ለመጫወት ማልደን መውጣት ጀመርን። ጋሽ ቀጀላን እንጠብቃቸው ያለ ሰው የለም። ክፉ ሐሳብ አልነበረንም፤ ልጆች ነበርን። ያ የክብደት ቅጽ መስከረም ላይ እንደገና መጣ፤ ጋሽ ቀጀላ የክብደቱን ዓምድ ባዶውን ቢመልሱ ዳይሬክተሩ ተቆጧቸው።

አንድ ጠዋት ድልድዩን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ዘወር ስል፣ ጋሽ ቀጀላን ከኋላችን ደርሰው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ከግራ ኪሳቸው ቆሎ እያወጡ ይቆረጥማሉ። ወደኛ ቀና አሉና እጃቸውን ወደ ቀኝ ኪሳቸው ሰደዱ። ጥቂት እዚያው አቆይተው ባዶ እጃቸውን አወጡ።

እንመለስ ልል አፌን ስከፍት ሉሊት ሩቅ ሄዳለች።

“ኮቱ!” አለችኝ፤ እየሳቀች።

ተከትያት ሮጥኩ።