ግማሽ ሮቶ ውሃ

ከደሴ ከመውጣቴ በፊት በነበረው ምሽት ባለቤቴ ፋንታዬ ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ ፈታችው። በመጀመሪያው መጽሐፎቼን አውጥታ ብርድ ልብስ ከተተች። እኔም ብርድ ልብሱን አውጥቼ መጽሐፎቹን መለስኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትፈታው ተውኳት፤ ሃያ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው ሳይጀመር የተሸነፈን ጦርነት ለይቶ ያውቃል።

«አዲስ አበባ መጽሐፍ አይሸጥም እንዴ?» አለችኝ።

«ብርድ ልብስስ አይሸጥም?»

«ብርድ ልብስ ከሌለህ ይበርድሃል። መጽሐፍ ባይኖርህ ማን ያውቅብሃል?»

አስተምርበት የነበረው የግል ኮሌጅ ከተዘጋ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ስምምነታችን አጭር ነው፤ እኔ ቀድሜ ሄጄ የአክስቴ ልጅ ሙላቱ ዘንድ ሥራ እጀምራለሁ፣ ለአራት ሰው የሚሆን ቤት እከራያለሁ፣ እሷ ሁለቱን ልጆች ይዛ ትከተለኛለች። «ነሐሴ እስኪያልቅ እጠብቅሃለሁ» አለች። «ከዚያ ካለፈ እዚሁ ትምህርት ቤት አስመዘግባቸዋለሁ። ልጅ እንደ ሻንጣ ታስሮ አይቀመጥም።»

አገርህ ውስጥ ሆነህ ምን ስደት ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ባሕር አልተሻገርክም፣ ፓስፖርት አልያዝክም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የተሻገርኩት የጣርማ በርን ዋሻ ብቻ ነው። ነገር ግን ባሕር ተሻግሮ የሄደው የሰፈሬ ልጅ የደረሰበት አገር አስተርጓሚ መድቦለታል። እኔ ላምበረት ከአውቶቡስ ስወርድ የተቀበለኝ ሻንጣዬን ከእጄ የነጠቀ ተሸካሚ ነው። «ፋዘር፣ ወዴት ነህ?» አለኝ። ጠዋት ደሴ ላይ «መምህር» ነበርኩ፤ ማታ ላምበረት ላይ «ፋዘር» ሆንኩ። ይህን የሚተረጉምልኝ ሰው ማን ይመደብልኝ?

ሙላቱ ያገኘልኝ ክፍል ከሳሊተ ምሕረት ወደ ለሚ ኩራ ሲዘልቁ፣ አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ነበር። አዴ ጫልቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ሴት ናቸው። ባላቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል፤ የቀራቸው ይህ ግቢ ነው። እኔ አገሬን ትቼ መጣሁ፤ እሳቸውን ደግሞ አገራቸው ትቷቸው ሄደ። ይህ ያቀራርበናል ብዬ ነበር።

«ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

«ለጊዜው ብቻዬን ነኝ። ቤተሰቦቼ መስከረም ሳይጠባ ይመጣሉ።»

«እኔ የማከራየው ለአንድ ሰው ነው። ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው። አንድ ሰው በሳምንት ስንት ጀሪካን እንደሚጨርስ አውቃለሁ። አራት ከሆናችሁ ሌላ ቤት ፈልግ።»

«ልጆቹ እኮ ትንንሽ ናቸው፣ አዴ።»

«የሚታጠቡት ትንንሾቹ አይደሉ?»

ደሴም ውሃ ይጠፋል፤ አልዋሽም። ልዩነቱ ደሴ ውሃ ሲጠፋ ጎረቤት «አብሽር፣ ከኛ ቅዳ» ይልሃል፤ እዚህ የሮቶ ክዳን በቁልፍ ተቆልፎ አየሁ። ለፋንታዬ ስደውል ይህንን እንደ ትልቅ ግኝት አወራሁላት። በሁለተኛው ወር እኔም ለጀሪካኔ ቁልፍ ፈልጌ ሱቅ ለሱቅ መዞሬን ግን አልነገርኳትም።

ሙላቱ አሥራ ሁለት ዓመት የቦሌን ሕንጻዎች መስታወት በገመድ ተንጠልጥሎ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር ሕንጻውን በሙሉ መስታወት አልብሶ፣ ከዚያ ፀሐዩን ለመከላከል መስታወቱን በመጋረጃ መሸፈን ምን ዓይነት ጥበብ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ለሙላቱ ግን እንጀራው ነው፤ ለእኔም ሆነ። አሁን አሁን የሕንጻ አስተዳዳሪዎች ገመድ አይወዱም፤ ሰው ቢወድቅ ጣጣው ብዙ ነው። የሚፈልጉት መሬት ላይ ቆሞ የሚያጥብ ሰው ነው፤ ጫፉ ላይ ብሩሽ ያለው ረጅም ዘንግ፣ ከመኪና ውስጥ ውሃ የሚገፋለት ፖምፓ። ቦሌ መንገድ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ሕንጻ ለአዲስ ዓመት ሊታጠብ ነበር። ሙከራውን ካለፍን የዓመት ኮንትራት ይፈርሙልናል። ኮንትራቱ ማለት ለእኔ አራት ሰው የሚገባበት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ የሙላቱ አሮጌ ሚኒባስ ወንበሮቹ ተነቅለው ሮቶ ሊገጠምበት ሆነ።

ላምበረት አጠገብ ብየዳ ቤት ያላቸው ጋሽ በቀለ መኪናው ስር ገብተው ባሌስትራውን አይተው ወጡ።

«ስንት ሊትር ነው ያሰባችሁት?»

«አንድ ሺህ» አልኩ።

«መሸከሙን ይሸከመዋል። እኔ የምፈራው ማቆሙን ነው።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ውሃ እንደ ጤፍ አይተኛም፣ መምህር። ሙሉ ሲሆን ድንጋይ ነው፤ ባዶ ሲሆን ላባ ነው። ግማሽ ሲሆን ግን ያልተገራ በሬ ነው፤ አንተ ፍሬን ስትይዝ እሱ ይቀጥላል። ሁለት ባለ ሦስት መቶ ግዙ፤ ወለሉ ላይ ዝቅ አድርጌ ከሻንሲው ጋር በቡሎን አስርላችኋለሁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው።»

ሙላቱ እሺ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። እኔ ቀደምኩት። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር ትንሽ ሮቶ የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው አልኩ። በመጣ ቀን መያዝ የሚቻለውን ሁሉ መያዝ ነው። ግማሽ የሚሆነውስ ለምንድነው? ሁልጊዜ ሞልተን እንወጣለን።

«ስታጥቡበት ምን ሊሆን ነው?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ስናጥብ መኪናው ቆሟል። ከዚያ የቀረውን ደፍተን እንመለሳለን።»

«ውሃ ልትደፋ? አንተ?» ብለው ሳቁብኝ። «ያስተማርከው ምን ነበር?»

«ታሪክ።»

«እንደሱ በለኛ።»

ባለ አንድ ሺህው ተገዛ። ወለሉ ላይ ላሜራ ተነጠፈ፣ ዙሪያውን የብረት ክፈፍ ተበየደ፣ ሮቶው በሁለት ሰፋፊ ቺንጊያ ታሰረ፤ ፖምፓው ከኋላው ተቀመጠ። ኋላ አፈርኩበት እንጂ ሥራው ያምር ነበር።

ቀጥሎ የመኪናው ዓመታዊ ምርመራ ነበረብን። መርማሪው የኋላውን በር ከፍቶ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ይህ ምንድነው?»

«መስታወት የምናጥብበት ውሃ ነው» አለ ሙላቱ።

«ሊብሬው ደረቅ ጭነት ነው የሚለው። ውሃ ደረቅ ነው?»

«አይደለም።»

«ስለዚህ ይህ ቦቴ ነው። ቦቴ ደግሞ በዚህ መንጃ ፈቃድ አይነዳም።»

«ባዶውን ብናመጣውስ?» አልኩ እኔ።

«ባዶ ከሆነ ምን ይጭናል?»

«ምንም።»

«ምንም የማይጭን መኪና ምድብ የለውም።» ወረቀቱን መለሰልን። «ሮቶው ጭነት ሳይሆን የሥራ መሣሪያ መሆኑን የሚገልጽ ማህተም ያለው ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤታችሁ አምጡ።»

«መሥሪያ ቤታችን ይሄው መኪና ነው።»

«እንግዲያው እሱ ይጻፍ።»

መኪናው ጻፈ። የፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ በሃያ ዓመት የማስተማር ሕይወቴ ጽፌ የማላውቀውን ዓይነት ያማረ ደብዳቤ ጻፍኩለት። ሙላቱ ያስቀረጸውን ማህተም አሳረፈበት፤ አለፍን። መንግሥታት በምን እንደሚቆሙ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ማህተምን መዝለሌ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሙከራው የነሐሴ የመጨረሻው ዓርብ ጠዋት ነበር። ረቡዕ ውሃ መጣ። ለአዴ ጫልቱ ግቢውን በሙሉ አጽድቼ፣ በምላሹ ሮቶውን ከቧንቧቸው እስከ አፉ ሞላሁ። ለፋንታዬ ደወልኩና ዓርብ ማታ የምሥራች እነግርሻለሁ አልኳት። «ዓርብ ማታ ስልኩን ከእጄ አላወርደውም» አለች።

ሐሙስ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ከግቢያችን ፊት ለፊት የሚኖሩ አዛውንት አርፈዋል። ብዙም ሳይቆይ አዴ ጫልቱ በሬን አንኳኩ፤ ከኋላቸው ጀሪካን የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል።

«ድንኳን እየተተከለ ነው፤ ውሃ የለም» አሉኝ። «የረቡዑ በየቤቱ አልደረሰም። የጣሪያ ውሃ ደግሞ ለለቅሶኛ አይቀርብም።»

«አዴ፣ ይህ ውሃ እኮ ለነገ ሥራ ነው። ለመስታወት።»

«መስታወቱ ሞቷል?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያው ይጠብቃል።»

እዚህ ላይ ለአገሬ ሰዎች የምናዘዘው አለኝ። ደሴ ቢሆን ኖሮ ጡሩምባው ሳያልቅ መኪናውን ድንኳኑ በር ላይ አቆመው ነበር። ከደሴ በወጣሁ በአምስተኛው ወር ግን ለለቅሶ ቤት ውሃ የምደራደር ሰው ሆኛለሁ። «ግማሹን ውሰዱ፤ ግማሹን ተዉልኝ» አልኩ። አዴ ጫልቱ ለሴቶቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሴቶቹም እየተመላለሱ ቀዱ። ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ አንድ ጀሪካን እንኳን ሳያልፉ፣ ክዳኑን ገጥመው አመስግነውኝ ሄዱ።

ሁሉንም ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ ባዶ ሮቶ ይዤ፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ ከአንድ ቦታ ውሃ ለምኜ ቦሌ እደርስ ነበር። ሁሉንም ነፍጌ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን ይዤ እደርስ ነበር። ልቤ ለአንዱም ስላልበቃ ዓርብ ጠዋት ጋሽ በቀለ የነገሩኝን በሬ ጭነን ወጣን።

መገናኛን አልፈን ወደ ቦሌ ስንወርድ ከፊታችን ታክሲ ድንገት ቆመ። ሙላቱ ፍሬን ያዘ። መኪናው ቆመ፤ ውሃው አልቆመም። አንዱ ቺንጊያ ሲበጠስ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሮቶው ክፈፉን አጣሞ የወንበራችንን ጀርባ መታ። ሙላቱ በአፉ መሪው ላይ አረፈ። ቧንቧው ከፖምፓው ተነቅሎ፣ ውሃው በኋላው በር ስር አስፋልቱ ላይ መውረድ ጀመረ። ወርደን በሩን ስንከፍት የቀረውም ፈሰሰ። አንዲት ጎዳና ጠራጊ መጥረጊያዋን ተደግፋ ታየን ነበር።

«ምነው፣ አስፋልት ነው እንዴ የምታጥቡት?» አለች።

ሙላቱ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም እየተፋ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሕንጻው ጋ የደረስነው ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተን ነው። የሕንጻው ኃላፊ ቁጡ ሴት አልነበረችም፤ ያ ነው የከፋው። የሙላቱን ከንፈር አይታ ሶፍት አመጣችለት። ከዚያ መኪናውን አየች።

«ውሃው የታለ?»

«መንገድ ላይ ፈሰሰ» አልኳት። «ከናንተ ቧንቧ ብንቀዳ በሁለት ሰዓት እንጨርሳለን።»

«አባቴ፣ የኛ ውሃ ለተከራዮች እንኳን አይበቃም። ውሃ ያለው መኪና ያልነው ለዚህ እኮ ነው።» ሰዓቷን አየች። «ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ሶሪ።»

ሌሎቹ መጡ፤ ኮንትራቱን እነሱ ፈረሙ። በዚያ ማታ ፋንታዬ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ ሲጠራ ተቀምጬ አየሁት።

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። አዴ ጫልቱ ና ስላሉኝ ሄድኩ። የእድሩ ዳኛ አቶ ለማ ወፍራም መዝገብ ገልጠው ጠበቁኝ። ለአዲስ ገቢ ዋስ ያስፈልጋል፤ አዴ ጫልቱ እጃቸውን አነሱ።

«የመምህሩን ውሃ አይተናል» አሉ አቶ ለማ። ግማሽ ነው የሰጠሁት ልል አስቤ ነበር፤ አላልኩም። «ቤተሰብህን አስጽፍ። ሚስት፣ ልጆች፣ ወላጆች፣ የሚስት ወላጆች።»

አንድ በአንድ ጠራሁላቸው፤ አንድ በአንድ ጻፉ። ከላምበረት ከወረድኩ ጀምሮ ከዚህ ከተማ መታወቂያ ጠይቄያለሁ፣ ሥራ ጠይቄያለሁ፣ ቤት ጠይቄያለሁ። ሳልጠይቅ የተፈቀደልኝ የመጀመሪያው ነገር መቀበር ነው። በድንኳን፣ በወንበር፣ በሸክላ ድስት፣ ሙሉ ክብር ያለው መቀበር። ቤተሰቤ በዚህ ምድር ላይ ገና አንድ ሌሊት ሳያድር ለቀብር ተመዝግቧል።

ማታ ደወልኩላት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ግማሹም ጭምር።

«ይኸው ነው፣ ፋንታዬ።»

«ሙላቱ እንዴት ነው?»

«ከንፈሩ ተሰፍቷል። ሁለት ትንንሽ ሮቶ ልናስገጥም ነው። የካፌና የመድኃኒት ቤት መስታወት ይገኛል ይላል።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱ ያው ነው። ለአንድ ሰው።»

ከጀርባዋ ልጆቹ ሲጣሉ ይሰማኛል። ስለ ምን እንደሆነ ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግኩት፤ አልለየሁትም።

«እድሩ ላይ የልጆቹንም ስም አስጻፍክ?» አለችኝ።

«የሁላችሁንም። የእናትሽንም።»

«እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች? በቁሜ ሊቀብረኝ ነው ትላለች።» ሳቅ የሚመስል ነገር ሰማሁ፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ትናንት አስመዘገብኳቸው። እዚሁ፣ የድሮው ትምህርት ቤታቸው። ዓርብ ስልኩን ሳታነሳ ስትቀር ገብቶኝ ነበር።»

ጥሩ አደረግሽ ማለት ነበረብኝ።

«ግን ስማ» አለች። «ከመዝገቡ እንዳታሰርዘን። ስማችን እዚያም ይቆይ።»