የእትዬ ጠጅቱ ጭስ አልባ ምድጃ

እትዬ ጠጅቱ ከሰው ጋር ሲጣሉ አይቼ አላውቅም። ከዕቃ ጋር ግን ይጣላሉ። ያ ከመርካቶ የመጣ ምድጃ ቤታቸው ከገባ ጀምሮ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአንድ ደረጃ የምንወጣ የምንወርድ ሰዎች ሁላችንም የጠቡ ታዛቢ ሆነናል።

የሚኖሩት ከእኔ ቤት በላይ ነው። ድሮ፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ጠባብ ምግብ ቤት ነበረቻቸው። በከሰል የሚጠብሱትን ሥጋ ለመብላት ሰው ወንበር እስኪለቀቅለት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ገብረየሱስም ከሚጠብቁት አንዱ ነበሩ። "መጠበቁ ሲሰለቸኝ ባለቤቷን አገባኋት" እያሉ ይቀልዳሉ። ይቀልዱ ነበር ልበል እንጂ፣ ዘንድሮስ ቀልዱም ቀርቷል።

ጋሽ ገብረየሱስ አይበሉም። ክረምት ላይ ከያዛቸው ኃይለኛ ጉንፋን ከተነሱ ወዲህ ትንሽ ይቀምሱና ሰሃኑን ይገፉታል። ሱሪያቸውን ቀበቶ አልይዘው ብሏል። ሐኪም ቤት ሄደው ደማቸው ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘም፤ "በደንብ ይመግቧቸው" ተብለው ተመለሱ። ምክር እንዲህ ቀላል ነው! ምን ልሥራልህ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ብቻ ነው፤ "የከሰሉን ጥብስ።"

ከሰል ደግሞ አይቻልም። የእኔ ልጅ አስም ስላለበት በኮሪደርም በበረንዳም ከሰል እንዳይቀጣጠል የሕንጻው ነዋሪ ተሰብስቦ ወስኗል፤ እትዬ ጠጅቱም እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል። ስለዚህ አንድ ቀን በሬን አንኳኩተው "ሰሚርዬ፣ ጭስ የሌለው ምድጃ መጥቷል ሲሉ ሰማሁ፤ መርካቶ አብረሽኝ ነይ" አሉኝ። እንዴት እምቢ ይባላል?

ሻጩ ሱፍያን የሚባል አፈ ጮሌ ሰው ነው። ሁለት ምድጃ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

"ይሄኛው ኢንዳክሽን ነው እናቴ፤ ማግኔት የሚይዘውን ድስት ብቻ ነው የሚያሞቀው። ይሄኛው ግን ኢንፍራሬድ ነው፤ ብረትም ይሁን ሸክላ ያገኙትን ይጣዱበት። የሥጋ መጥበሻ ፍርግርግም አለው።"

ሲሰካው ከመስታወቱ ሥር ያለው ክብ ቀስ እያለ ፍም መሰለ። እትዬ ጠጅቱ እጃቸውን ከላይ ዘርግተው ሙቀቱን ለኩ።

"እንደ ከሰል ይጠብሳል?"

"ከከሰል ይበልጣል እንጂ! ጭስ የለው፣ አመድ የለው።"

እኔ "ይበልጣል" የሚል ሻጭ አላምንም። ግን ማን ጠየቀኝ? እሳት ያዩበትን መርጠው አሸክመውኝ ተመለስን።

የመጀመሪያው ምሽት ጉድ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን የሚሰካበት ሰዓት ስለሆነ መብራቱ ደከመ፤ ምድጃው ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ ይቀላል። ሥጋው መጠበሱን ትቶ በገዛ ውሃው ተቀቀለ። "አንተ ሰነፍ!" ሲሉት በጣሪያዬ ሰማሁ፤ ጋሽ ገብረየሱስን መስሎኝ ደንግጬ ነበር። በማግስቱ ቀን ላይ ሞከሩ። አሁን ደግሞ ጮማው መስታወቱ ላይ ተንጠባጥቦ ጨሰ፤ ምድጃውም ከመጠን በላይ ሞቆ ራሱን አጠፋ። "እኔ ሳልለው ይጠፋል! የማን ቤት መሰለው?" አሉ። እልህ ያዛቸው። ቀይ ሥጋ ብቻ መርጠው፣ በስሱ ዘልዝለው፣ ፍርግርጉ ላይ አራርቀው ደረደሩ።

ያን ቀን ሽታው ደረጃውን ወርዶ ቤቴ ገባ። እኔ የክርስቲያን ሥጋ አልበላም፣ እሳቸውም የእኛን አይበሉም፤ በዚህ ተቀያይመን አናውቅም። አፍንጫ ግን ሃይማኖት የለውም፣ ምራቄን ዋጥኩ። አሁንስ በሉላቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ጠጅቱ ወርደው መጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

"አንድ ጉርሻ አላምጦ 'የከሰሉ አይደለም' አለኝ" አሉ። "ሰውዬው እጄ ላይ እያለቀ ነው ሰሚራ። እኔ ከመስታወት ጋር እታገላለሁ!"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሲያለቅሱ ቆዩና ድንገት ቀና አሉ።

"አላሟሸሁትማ!"

"ምኑን?"

"ምድጃውን ነዋ! አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ ሠርቶ ያውቃል?"

"እትዬ፣ እሱ እኮ መስታወት ነው።"

"ምጣድስ ጭቃ አይደል?"

ብድግ ብለው ወጡ። ጥቂት ቆይተው ተመለሱና፣ ያላቸው የጎመን ዘር አልበቃ ስላላቸው ትንሽ ካለኝ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ጓዳ ገብቼ ስፈልግ ጉሮሮ የሚከረክር የተቃጠለ ዘይት ሽታ በበሩ ገባ።

"እትዬ፣ አጥፍተውታል?"

"እስክመለስ በደንብ ይጋል ብዬ..."

አልጨረሱትም። ልጄን መኝታ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁና ደረጃውን ተያይዘን ወጣን። ጓዳው በጭስ ታፍኗል፤ የጎመን ዘሩ መስታወቱ ላይ እንደ ሬንጅ ተጣብቆ ይንጨረጨራል። ገመዱን ነቀልኩ፣ መስኮቱን በረገድኩ። ዓይኔ እያለቀሰ፣ እያሳለኝ ወደ ሳሎን ዞርኩ።

ጋሽ ገብረየሱስ ጀርባቸውን ለጓዳው ሰጥተው ቴሌቪዥን ያያሉ። የምሳው ሰሃን እንደተገፋ ፊታቸው አለ።

"ቤቱ ሲቃጠል ዝም ብለህ ትቀመጣለህ?" ብለው ጮኹባቸው እትዬ ጠጅቱ።

ዞር አሉና ጭሱን ገና አዩት። "መቼ ተቃጠለ?"

እትዬ ጠጅቱ ቀስ ብለው ቀረቡ።

"ገብሬ፣ አይሸትህም?"

ሰውዬው ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ። "ከዚያ ጉንፋን ወዲህ..." አሉ፤ "ምንም። ጨውም በርበሬም አንድ ነው የሚሆንብኝ። ወረቀት የማኝክ ነው የሚመስለኝ።"

"ታዲያ ለምንድነው ከሰል ከሰል እያልክ የምታቃጥለኝ?"

"ምናልባት ያ እንኳን ይሰማኝ ይሆን ብዬ ነው ጠጄ። ያንን አጥቼዋለሁ ማለት ከበደኝ።"

እትዬ ጠጅቱ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ፊታቸውም የተቆጣ ነበር። "ሞኝ!" አሉ። "ለሚስትህ አይነገርም?" የቀዘቀዘውን ሰሃን ወደ ራሳቸው ስበው አንዱን ሥጋ ቀመሱ፣ በጥሞና አላመጡ፣ ዋጡ። ከዚያ አንዱን አንስተው ወደ አፋቸው አስጠጉላቸው።

"ብላ። ጨው ትንሽ በዝቶበታል" አሉ። "ሚጥሚጣው ልክ ነው። ዳር ዳሩ ደረቅ ብሏል፣ ልክ አንተ እንደምትወደው።"

ጋሽ ገብረየሱስ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዓይናቸውን ከሚስታቸው ላይ ሳይነቅሉ አላመጡ።

"ቀጥዪ" አሉ።