አዳራሽ የሚያስገባ ሂሳብ

ክሊፎርድ ኦርመሮድ እንግሊዝ አገር በርንሊ ከተማ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የጋዝ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። በየሰዉ ቤት ከደረጃ ሥር፣ ከከሰል ማስቀመጫ ጀርባ፣ አንዳንዴም ከሚያንጎላጅ ውሻ አጠገብ ተንበርክኮ ቁጥር አንብቧል። በግምት የተገኘ ቁጥር ግን ደብተሩ ላይ አስፍሮ አያውቅም። «ካላየሁ አልጽፍም» ይላል። ባልደረቦቹ ከስሙ ይልቅ በዚህ ቃል ይጠሩት ነበር።

ሚስቱ ማርጆሪ ደግሞ ክሌግ ብሩሽ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በዕቃ መርማሪነት ሠርታለች። ፀጉሩ የተዛባ፣ እጀታው የተሰነጠቀ ብሩሽ ስታገኝ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ትጥላለች። ዓርብ ዓርብ በርሜሉን ጭነው ይወስዱታል። ወዴት? አለቃዋን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠየቀችው። «አንቺን ምን ቸገረሽ፣ ማርጅ?» ከማለት በቀር መልስ አልሰጣትም። ስትሞት አራት ሺህ ፓውንድ ተወችለት። ከመሞቷ በፊትም ሆስፒታል ተኝታ፣ እየሳቀች፣ «በሱ የክሌግን አክሲዮን ግዛበት፤ ጉባኤያቸው ላይ ገብተህ ጠይቅልኝ። ባለ አክሲዮንን ምን ቸገረህ አይሉትም» አለችው።

ጉባኤው ግንቦት ላይ ነው። የካቲት ሲገባ ክሊፎርድ አክሲዮን መግዣ ሂሳብ የሚከፍቱ የሦስት ድርጅቶችን ወረቀት የወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ማክሰኞ ማክሰኞ የድንች ፓይ ይዛ የምትመጣው ታላቅ እህቱ ኢኒድ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጀመረችው።

«አንተ ክሊፍ፣ ዛሬም ወረቀት እያሸህ ነው? በሰባ ሦስት ዓመትህ ነጋዴ ልትሆን?»

«ምን ነጋዴ አደረገኝ? አንዴ እገዛለሁ፣ ከዚያ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።»

«ታዲያ ይኼ አይሳ አይሳ የምትለው ምንድን ነው?»

«ከግብር ነፃ የሆነ ሂሳብ ነው። አክሲዮኑ ዋጋው ቢጨምር፣ የትርፍ ድርሻ ቢከፍል፣ መንግሥት እጁን አይሰድበትም። ቅጽ ሙላ የሚለኝም የለም።»

«ቅጽ ከሌለውስ እኔም ወደድኩት» አለችና ፓዩን ቆረሰች።

የመጀመሪያው ድርጅት በየወሩ አምስት ፓውንድ ይቆርጣል፤ ገዛህም አልገዛህም። ክሊፎርድ ይህን ጠላት ያውቀዋል። በጋዝ ሂሳብ ላይም ቋሚ ክፍያ የሚሉት አለ። ሻይዋን ብቻ የምታፈላ አንዲት ባልቴት በበጋ ሳይቀር ገንዘቧን የሚበላት እሱ ነበር። ብዙ ለሚያነድ ምንም አይደለም፤ ትንሽ ለሚያነድ ግን ጅብ ነው። ከአራት ሺህ ፓውንድ ላይ በዓመት ስድሳ! ወረቀቱን ገለበጠው።

ሁለተኛው የራሱ ባንክ ነው። በዓመት ከሺህ ሦስት ፓውንድ ተኩል፣ ማለትም ለሱ አሥራ አራት ፓውንድ፤ ሲገዛ ደግሞ አንዴ አሥር። ሦስተኛው በስልክ ብቻ የሚሠራ አዲስ ድርጅት ነው፤ የዓመት ክፍያ የለውም፣ የግዢ ክፍያ የለውም።

«አለቀ ደቀቀ!» አለች ኢኒድ። «ነፃ እያለልህ ምን ታስባለህ?»

እውነቷን ነው። ክሊፎርድም ስልኩን አውጥቶ ስሙን ሞላ፣ የትውልድ ቀኑን ሞላ። አንዲት ነገር መንካት ብቻ ሲቀረው ጣቱ አየር ላይ ቆመ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ነፃ ጋዝ አይቼ አላውቅም፣ ኢኒድ። በሩ አጠገብ ያላገኘሁት ቆጣሪ ሁሉ ከአንድ ነገር ጀርባ ነበር።»

«ወይ ግትር! እናታችን እንዴት እንደቻለችህ!»

መነጽሩን ጠርጎ የክፍያዎቹን ዝርዝር ከራስጌው እስከ ግርጌው አነበበ። ከሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ የማያውቀውን ነገር አገኘ። እንዲህ ባለ ሂሳብ የተገዛ አክሲዮን በፋብሪካው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በሂሳብ ያዡ ድርጅት ስም ነው። ክሌግ በር ላይ ኦርመሮድ የሚባል ሰው አይታወቅም። ጉባኤ መግባት የሚፈልግ ደብዳቤ ያጽፋል፤ ደብዳቤው በየጊዜው አርባ ፓውንድ ነው።

ለኢኒድ አነበበላት።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና...» አላት።

«ተወኝ እስቲ! ባንክህስ በምን ይሻላል? እሱም ያስከፍልህ ይሆናል።»

ይህን አላሰበም ነበር። ወዲያው ደወለ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ሲሰማ ቆይቶ አንዲት ሴት አነሳችው።

«ጉባኤ የሚያስገባ ደብዳቤ?» አለች ግራ ገብቷት። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። አንዴ ይጠብቁኝ፣ ሚስተር ኦርመሮድ።» ሄዳ ተመለሰች። «በነፃ ነው የምንጽፈው። ከሁለት ሳምንት በፊት ይንገሩን እንጂ።»

«በግምት ነው የምትነግሪኝ?»

«ኧረ ጌታዬ! ወረቀቱን ይዤ እያነበብኩልዎ ነው።»

«እንግዲያው ሂሳቡን ክፈቺልኝ» አላት።

ግንቦት ላይ ክሊፎርድ ለሠርጉ የገዛውን ክራቫት አስሮ ደብዳቤውን በር ላይ አሳየና ገባ። ኢኒድ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። አዳራሹ ውስጥ ከአሥራ አምስት ሰው አይበልጥም። ጥያቄ ያለው ሲባል ተነሳ።

«ዓርብ ዓርብ የሚወጣው ሰማያዊ በርሜል፣ ውስጡ ያሉት ብሩሾች የት ነው የሚሄዱት?»

ሰብሳቢዋ ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች። ማንም አያውቅም። በመጨረሻ ከጥግ አንድ ሸበቶ ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኮረብታው ላይ ላሉት የወተት ላም አርቢዎች በርካሽ ይሸጣሉ። አርቢዎቹ ምሰሶ ላይ በምስማር ይመቷቸዋል፤ ላሞቹ ጀርባቸውን ያኩባቸዋል። ዛሬም እንደዚያው ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ክሊፎርድ አመስግኖ ተቀመጠ።

«እህሳ?» አለች ኢኒድ ገና ከበሩ ሲወጣ።

«ላሞች ይታከኩበታል።»

«ላሞች! አይ ማርጆሪ! ይኼን ሳትሰማ። በል ደብተርህ ላይ ጻፈውና ወደ ቤታችን እንሂድ።»

«ተነገረኝ እንጂ አላየሁም።»

ቅዳሜ ሁለቱም አውቶቡስ ተሳፍረው ኮረብታው ላይ ወጡ። አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም ዓይኗን ጨፍና ጎኗን ምሰሶ ላይ በተመታ ብሩሽ ታሻለች። ክሊፎርድ እስክትጠግብ ጠበቃት። ከሄደች በኋላ ተጠግቶ፣ እንደ ድሮው ተንበርክኮ፣ ብሩሹን አየ። እጀታው ተሰንጥቋል። ደብተሩን ከኪሱ አወጣ።