ኦራል ያልሆነችው የሐጂ ይማም መኪና

ሐይቅ ከተማ ጋራዥ ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ መኮንን አንድ ባልዲ ብሎን ፊቴ ገለበጡና፣ «የሚሊሜትሩን ወዲህ፣ የኢንቹን ወዲያ» አሉኝ።

«በዓይን እኮ አይለይም» አልሁ።

«በቁልፍ ይለያል።»

ቀኑን ሙሉ ቁልፍ እያስገባሁ ስለካ ዋልሁ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን በመካኒክነት፣ ኋላም በተሽከርካሪ መርማሪነት አሳለፍሁ። ስንቱን መኪና እንዳየሁ አላስታውስም። የሐጂ ይማምን ግን አልረሳም።

ሐጂ ይማም የውጫሌ እህል ነጋዴ ናቸው። መኪናቸው ከወታደር ቤት በጨረታ የወጣች አሮጌ የጭነት መኪና ናት። ክረምት ላይ የአምባሰል ገጠር መንገድ ጨቅይቶ ሌላው ሁሉ ሲቆም፣ ማዳበሪያና ዘር ይዛ የምትወጣ እርሷ ብቻ ነበረች። መስከረም ላይ ደግሞ የግሸን ተሳላሚዎችን ስንቅ ተራራው ሥር ድረስ ታደርሳለች። አገሩ ሁሉ በራሽያ ሠራሹ የጦር መኪና ስም «ኦራል» ይላታል፤ ሊብሬዋም ላይ የተጻፈው ይኸው ነው።

ለዓመታዊ ምርመራ ስትመጣ የሻንሲ ቁጥሯን ኦራል ላይ ከሚገኝበት ቦታ ፈለግሁ። የለም። ከኋላዋ ሦስት መኪና ተሰልፏል። «ማንነቱ ያልተረጋገጠ» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

በሳምንቱ ሐጂ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። የመዝገብ ኃላፊው፣ ቁጥሩ ካልተገኘ ታርጋዋ እንደሚነሳና ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጥ ሌላ ዕድል እንደሌላት ነግሯቸዋል።

«ልጄ፣ በስተርጅና ሌባ ልባል ነው» አሉኝ። «እስቲ አንዴ ከሥሯ ግቢልኝ።»

አፈርሁ። ለካ ከሥሯ አልገባሁም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቱታዬን ለብሼ፣ ጀርባዬን ካርቶን ላይ አድርጌ ገባሁ። ሻንሲው ላይ ከተገጠመ ጀምሮ ተፈትቶ የማያውቅ ብሎን መረጥሁ። አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አልገባም አለ። አሥራ ስምንት ገባ፣ ግን ይሾልካል። የኢንቹን ቁልፍ ሳደርግበት ልክክ አለ።

«ሐጂ! ይቺ ኦራል አይደለችም!»

«እና ምንድን ናት?»

«የራሽያ መኪና ብሎን በሚሊሜትር ነው፤ የዚች ግን በኢንች። አሜሪካ ሠራሽ ናት።»

«ያ ረቢ! ስሟን ሳላውቅ ነው እንዴ ስነዳት የኖርሁት?»

እንግዲያው ቁጥሩንም ሌላ ቦታ መፈለግ አለብኝ። በስተግራ የፊተኛውን ሻንሲ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት። ሰማያዊው ቀለም ሲለቅ ቀይ መጣ፣ ከቀዩ ሥር የወታደር አረንጓዴ። ብረቱ ላይ ጠመኔ ሳሽበት አራት አሃዝ ነጭ ሆነው ብቅ አሉ። ከሊብሬው የመጨረሻ አራት አሃዞች ጋር አንድ ናቸው። የፊተኞቹን ሁለቱን ግን ዝገት በልቷቸዋል፤ በአራት አሃዝ ደግሞ ኃላፊው አያምንም።

ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። ዳሽቦርዱ ላይ አራት ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ፤ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ተነቅላለች። የቀዳዳዎቹን ርቀት ለካሁ። ከዚያ መኪናዋን ጥግ ለጥግ ስፈትሽ፣ የመፍቻ ሳጥኑ ወለል በቁራጭ ናስ ተጥፎ አገኘሁት። ቀዳዳዎቹን ብለካቸው ርቀቱ ያው ነው።

«ሐጂ፣ ይህን ማን ጣፈው?»

ጎንበስ ብለው አዩና እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «እኔ ነኛ! መፍቻው እየሾለከ ቢያስቸግረኝ ከመሪው አጠገብ የነበረችውን ነቅዬ! ወላሂ ረስቼው!»

ፈትቼ ገለበጥኋት። ሙሉ ቁጥሩ፣ ከሥሩም መኪናዋ ለጦሩ የተሰጠችበት ዓመት ተቀርጿል። ሊብሬውን አጠገቧ ይዤ እያንዳንዱን አሃዝ ጮክ ብዬ ጠራሁ፤ ሐጂ በያንዳንዱ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ተቀበሉኝ። አንድም አልተሳሳተም። ሊብሬው ላይ ኦራል ያላት፣ ሰው ያላትን ሰምቶ የጻፈ ጸሐፊ ኖሯል።

ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ ነገርኋቸው። በጣታቸው ቆጥረው ሲጨርሱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ንጉሡ ጊዜ! በስድስት ዓመት እኮ ትበልጠኛለች! ታላቄን ነው ለካ ዳገት ላይ ስሰድብ የኖርሁት!»

ሰኞ ኃላፊው ራሱ መጣ። ጠመኔውን ከእጄ ተቀብሎ ሻንሲውን አሸበት፣ ሰሌዳዋን አየ፣ ሊብሬው እንዲታረም አዘዘ። እኔም የመጀመሪያውን ውጤቴን ሰርዤ አዲስ ጻፍሁ። ቦሎዋ ሲለጠፍ ሐጂ ኮፈኗን መታ መታ አድርገው፣ «አብሽሪ እትዬ፣ ከእንግዲህ አልቆጣሽም» አሏት። ጡሩንባዋን እየነፉ ወደ ውጫሌ ሄዱ።

ለመርማሪዎች የምለው ይህን ነው፤ ከሥሩ ያልገባችሁበትን መኪና «አይታወቅም» ብላችሁ አትፈርሙ።